አንድ «አባታችን ሆይ» የሚያህል ጊዜ

እትዬ የምላቸው የታክስ ቢሮ ሠራተኛ ጊዜን የሚለኩት በጸሎት ነበር። ጠዋት ቢሮ ገብተው ነጠላቸውን አጣጥፈው ወንበሩ መደገፊያ ላይ ያኖራሉ፤ የደንበኞቹን ፎልደር ሁለቴ ጠቅ ያደርጉና እጃቸውን ከማውሱ ላይ ያነሳሉ። ከዚያ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። «አባታችን ሆይ» ብለው ጀምረው «አሜን» ሲሉ ፎልደሩ ይከፈታል።

«ልክ ስጨርስ ነው የሚከፈተው። አንድም ቀን ቀድሞኝ ወይም ዘግይቶብኝ አያውቅም» አሉኝ።

ፈገግ ብዬ አለፍኩት። የችግሩ መልስ በዚያች አባባላቸው ውስጥ ነበር። እኔ ግን ያችን አባባል ለመስማት ሦስት ሳምንት ሊሞላ ጥቂት ቀን እስኪቀረው ቆየሁ፤ የሌላ ሰው 4,600 ዶላርም አስወጣሁ። ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ደግሞ ካለመስማቱም የባሰ ነው። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣሁትም ስለዚያ ነው።

ዘመኑ እንደ ፈረንጆቹ 2015 ነው። ቢሮው ኮሌጅ ፓርክ ነው፤ ከአትላንታ በስተደቡብ፣ ከሃርትስፊልድ ጃክሰን አውሮፕላን ማረፊያ ሥር። ኮሌጅ ፓርክ እስከ 1896 ድረስ ማንቸስተር ትባል ነበር፤ ስሟን ስትቀይር ጎዳናዎቿንም ሀርቫርድ፣ ፕሪንስተን፣ ኮሎምቢያ እያለች በትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ጠራቻቸው። የእኛ ሰው በብዛት የሚኖረው ከከተማው በስተምሥራቅ፣ ክላርክስተንና ዲኬተር አካባቢ ነው። እንጀራው ግን ለብዙዎች አውሮፕላን ማረፊያው ዙሪያ ነው፦ ታክሲ፣ የመኪና ማቆሚያ ሸትል፣ የመኪና ኪራይ፣ ተርሚናል ውስጥ ያሉት ሱቆች። ስለዚህ የቢሮው ባለቤት፣ እኔ ጋሼ የምላቸው ሰው፣ የታክስ መሥሪያ ቤታቸውን ሰዉ ወደሚሠራበት አመጡት። ሾፌሩ በሁለት ተሳፋሪ መሃል ገብቶ ወረቀቱን ሰጥቶ ይወጣል። ዘጠኝ ኮምፒውተሮች ነበሩ፣ አንድ ሰርቨር፣ አንድ ትልቅ ስካነር፤ ሁሉንም ለሁለት ዓመት ስንከባከብ የኖርኩት እኔ ነኝ።

በዚያ ዓመት የአገሪቱ ገቢ ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት የታክስ ቅጽ መቀበል የጀመረው ጃንዋሪ 20 ቀን ነበር፤ በእኛ የጥምቀት ማግስት። በዚያው ሳምንት ጋሼ ደወሉልኝ። «ፎልደር ለመክፈት ዕድሜያችን እያለቀ ነው» አሉ። ስሄድ የመጠበቂያው ክፍል ሞልቷል፤ ቆመው የሚጠብቁም አሉ። ሠራተኞቹ የደንበኛ ስም ይጠራሉ፣ ፎልደሩን ይጫናሉ፣ ከዚያ ሁሉም ሰው ስክሪኑን ያያል። ደንበኛው ደግሞ ሠራተኛውን ያያል።

እትዬ ያን ዕለት ስለ ጸሎቱ ብቻ አልነበረም የነገሩኝ። ሁለት ነገር ጨመሩልኝ። አንደኛው፣ ፎልደሩን ዘግተው ወዲያው ቢከፍቱት ይፈጥናል፤ ሻይ ጠጥተው ሲመለሱ ግን እንደገና ይቆማል። ሁለተኛው፣ «ያንን ከጠረጴዛዬ ሥር የነበረውን ኮምፒውተር ከወሰድክ ወዲህ ነው» አሉኝ። በኅዳር ወር ዲስኩ የተበላሸ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነቅዬ ወስጄ ነበር፤ የስካነሩ ምስሎች መጀመሪያ የሚቀመጡት እሱ ላይ ነው። በታኅሣሥ ሥራ ስለሌለ ማንም ልብ አላለውም፤ እሳቸው ግን ልብ ብለዋል።

ይህን ስሰማ የተሰማኝን ዛሬ በግልጽ ልናገር። ደስ አላለኝም። ጥፋቱ ወደ እኔ እጅ የሚያመለክት ነበርና ጆሮዬን ዘጋሁ። «እትዬ፣ እሱ ከዚህ ጋር አይገናኝም» አልኳቸው። ከዚያ ለማሳመን ፎልደሩን ዘግቼ ወዲያው ከፈትኩት፤ ፈጠነ። «ይኸው ይሠራል» አልኩ። ይህ እኮ አሁን ሲነግሩኝ የነበረው ነገር ነው! በራሳቸው ማስረጃ እሳቸውን ዝም አሰኘኋቸው።

ከዚያ በልማድ መሥራት ጀመርኩ። ፒንግ አደረግሁ፤ ሰርቨሩ ከአንድ ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ መለሰ። 700 ሜጋባይት የሚሆን ፋይል ከሰርቨሩ ቀዳሁ፤ አንድ ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ፈጀ፤ በሰከንድ መቶ ሜጋቢት ለሚያስተላልፍ ስዊች ከዚህ በላይ አይጠበቅም። ማሰብ የነበረብኝ እዚህ ላይ ነበር። መንገዱ ክፍት ነው፣ ጭነቱም በሰዓቱ ይደርሳል፤ ታዲያ መኪናው ከመነሻው ለምን ይቆማል? ይህን አልጠየቅሁም። ስዊቹን አንድ ጊጋቢት በሚያስተላልፍ ቀየርኩት። ኬብሎቹን ቀየርኩ። አንቲቫይረሱን ለጊዜው አጠፋሁት።

አንድ የቆየ መድኃኒትም ነበረኝ። አዲስ አበባ አራት ኪሎ አካባቢ ኮምፒውተር ስጠግን ዘመኑ የዊንዶውስ ኤክስፒ ነበር። ያኔ ዊንዶውስ የሌላን ኮምፒውተር ፎልደር ሲያስስ በዚያኛው ኮምፒውተር ላይ በጊዜ ቀጠሮ የተያዙ ሥራዎች መኖራቸውንም ይፈትሽ ስለነበር ይዘገያል፤ ከሬጂስትሪው ውስጥ አንዲት ቁልፍ ሲያጠፉለት ይፈጥናል። በዚህች ዘዴ ስንት ቢሮ አመስግኖኛል። ኮሌጅ ፓርክ ያሉት ኮምፒውተሮች ግን ዊንዶውስ 7 ናቸው፤ በሽታው ያ በሽታ አይደለም። እኔ በሽታውን ሳላይ የማውቀውን መድኃኒት ሰጠሁ፤ ምንም አልተለወጠም።

ሲያቅተኝ ወደ ሰርቨሩ ጣቴን ቀሰርኩ። የሚሠራው በዊንዶውስ ሰርቨር 2003 ነው፤ ማይክሮሶፍት ለእሱ የሚሰጠውን ድጋፍ ጁላይ 14 ቀን 2015 እንደሚያቋርጥ አስታውቆ ነበር። ይህ እውነት ነው። ከሐምሌ በኋላ የደኅንነት ማሻሻያ በማይላክለት ሰርቨር ላይ የሰው የታክስ ዶሴ ማኖር አይገባም፤ ይህም እውነት ነው። እኔ ግን ለጋሼ የነገርኳቸው እንዲህ ብዬ አይደለም። «የመዘግየቱ ምክንያት ሰርቨሩ ማርጀቱ ነው፤ ሲቀየር ይስተካከላል» ነው ያልኳቸው። ያላረጋገጥኩትን ነገር ካረጋገጥኩት እውነት ጋር አንድ ላይ አስሬ ሸጥኩላቸው። ጋሼ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያ ቼክ ጻፉ። ለሰርቨሩ 3,700፣ ለእኔ ድካም 900 ዶላር።

ቅዳሜና እሑድ ሳልተኛ ፋይሎቹን ሁሉ ወደ አዲሱ አዛወርኩ፤ የኮምፒውተሮቹን ስምና አድራሻ የያዘውን የዲኤንኤስ መዝገብ ሳይቀር እንዳለ ቀዳሁት። ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 2 ቀን፣ የነነዌ ጾም የገባ ዕለት፣ እትዬ ነጠላቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ፎልደሩን ተጫኑ። እጃቸውን አነሡ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። «አሜን» ሲሉ ተከፈተ።

ያኔ የመጀመሪያውን ውሸት ተናገርኩ። «አዲስ ስለሆነ ፋይሎቹን እየመዘገበ ነው፤ ጥቂት ቀን ይፈልጋል» አልኩ። ሳምንቱን ሙሉ ሰው ሲጠብቅ ዋለ።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቁልፉን ተቀብዬ ብቻዬን ገባሁ። ስልክ አይጮህም፣ ደንበኛ የለም፤ በየደቂቃው ከጣራው በላይ የሚያልፈው አውሮፕላን ብቻ ነው ያለው። እትዬ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሌላ የሚሞከር ነገር ስላልነበረኝ የስልኬን ሰዓት ከፍቼ መለካት ጀመርኩ። 21 ሰከንድ። ግማሽ ሰዓት ቆይቼ ሞከርኩ። 21 ሰከንድ። ወደ ሌላ ኮምፒውተር ተዛወርኩ። 21 ሰከንድ።

ሰውነቴ ቀዘቀዘ። «አንድም ቀን ቀድሞኝ ወይም ዘግይቶብኝ አያውቅም» ያሉኝ መጣልኝ። ሥራ የበዛበት ሰርቨር አንዴ 5፣ አንዴ 14፣ አንዴ 40 ሰከንድ ነው የሚፈጀው፤ እንደ ጭነቱ ይለያያል። ደካማ ዲስክም እንዲሁ። ሁልጊዜ እኩል የሆነ መዘግየት የድካም ምልክት አይደለም። ኮምፒውተሩ የሆነ አካል መልስ እንዲሰጠው እየጠበቀ፣ የተወሰነለት ጊዜ ሲያልቅ ተስፋ ቆርጦ ወደ ሥራው እየተመለሰ ነው ማለት ነው። ዊንዶውስ 7 ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ለመገናኘት ሲሞክር መልስ ካጣ 3 ሰከንድ ይጠብቃል፤ ደግሞ ይሞክርና 6 ሰከንድ ይጠብቃል፤ ለሦስተኛ ጊዜ ይሞክርና 12 ሰከንድ ይጠብቃል። ድምሩ 21 ነው። ይህን ከዓመታት በፊት አንብቤዋለሁ፤ አውቀዋለሁ። ስላልለካሁ ግን ዕውቀቱ አልጠቀመኝም።

ቀሪው መጠየቅ የነበረበት «ማንን ነው የሚጠብቀው?» ነበር። ዋየርሻርክን ከፈትኩ፤ በኔትወርኩ የሚያልፈውን እያንዳንዱን መልእክት የሚያሳይ፣ ጄራልድ ኮምብስ የተባለ ሰው በ1998 ለዓለም በነጻ የሰጠው መሣሪያ ነው። ፎልደሩን ተጫንኩ። ስክሪኑ ላይ የእትዬ ኮምፒውተር ለኔትወርኩ ሁሉ የሚጮኸው ጥያቄ መጣ። ወደ አማርኛ ሲመለስ፦ «192.168.1.40 ያለው ማነው? ለ192.168.1.23 ንገሩት።» መልስ የለም። እንደገና፦ «192.168.1.40 ያለው ማነው?» መልስ የለም። እንደገና።

192.168.1.40 ማን እንደነበረ ለማስታወስ ወረቀት ማገላበጥ አላስፈለገኝም። በኅዳር ከእትዬ ጠረጴዛ ሥር ነቅዬ የወሰድኩት ኮምፒውተር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በደንበኞቹ ፎልደር ውስጥ ወደ ስካነሩ ምስሎች የሚወስድ አንድ አቋራጭ ነበር፤ የአቋራጩ ሥዕል ራሱ የሚመጣው ከዚያ ከተነቀለው ኮምፒውተር ላይ ነው። ዊንዶውስ ፎልደሩን ለማሳየት በውስጡ ያለውን ሁሉ ይሥላል፤ አቋራጩ ጋ ሲደርስ ሥዕሉን ለማምጣት ወደ ሌለው ኮምፒውተር ይሄዳል። እኔ ኮምፒውተሩን ስወስድ ስሙንና አድራሻውን ከመዝገቡ አልሰረዝኩም፤ ስለዚህ ዲኤንኤሱ «የለም» ከማለት ይልቅ «አዎ፣ 40 ቁጥር ጋ ነው» ብሎ ይመራዋል። ሄዶ ያንኳኳል፣ የሚከፍት የለም። አንዴ ካጣው ለጥቂት ጊዜ ያስታውሰዋልና ወዲያው ሲከፍቱት ይፈጥናል፤ ሻይ ጠጥተው ሲመለሱ ረስቶታል። እትዬ ያሉኝ ሦስቱም ነገር አንድም ሳይቀር ልክ ነበር። አዲሱ ሰርቨር ያልረዳው ደግሞ በሽታውን ከነመዝገቡ፣ ከነአቋራጩ፣ በገዛ እጄ ተሸክሜ ስላስገባሁበት ነው።

ከቢሮው በስተምዕራብ ትንሽ ሲሄዱ ሰው የሌለባቸው ጎዳናዎች አሉ። በአውሮፕላኑ ጩኸት ምክንያት ባለፉት አሥርት ዓመታት ቤቶቹ ተገዝተው ፈርሰዋል። አስፋልቱ አለ፣ ዛፉ አድጓል፣ ቤት ግን የለም። ካርታ ብቻ ይዞ ደብዳቤ የሚያደርስ ሰው እዚያ ቢሄድ ምን እንደሚገጥመው አስቡት። ለእነዚያ ዘጠኝ ኮምፒውተሮች ያንን ካርታ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።

አቋራጩን አጠፋሁ፤ ስሙን ከመዝገቡ ሰረዝኩ። ሥራው አራት ደቂቃ አልፈጀም። ፎልደሩን ተጫንኩ፤ ጣቴን ሳላነሳ ተከፈተ።

እስከዚህ ድረስ ያለው ስሕተት ነው። ስሕተት ይሠራል፣ ይታረማል። ሰኞ ጠዋት የተደረገው ግን ስሕተት አይደለም።

ሰኞ ጠዋት ሁሉም ፎልደር በቅጽበት ሲከፈት ቢሮው በደስታ ተሞላ። ጋሼ ትከሻዬን ይዘው «እግዚአብሔር ይስጥህ፤ ገንዘቤ ሜዳ ላይ አልቀረም፤ አዲሱ ሰርቨር እንዲህ ነው እንዴ?» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ የተሻለ ጊዜ አልነበረም። «አይ ጋሼ፣ ሰርቨሩ አይደለም፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ እትዬም ነግረውኝ ነበር» ለማለት አሥር ሰከንድ ይበቃል። እኔ «አሜን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ።

ለራሴ ያቀረብኩት ምክንያት ብዙ ነው። ሰርቨሩ እኮ እስከ ሐምሌ መቀየሩ አይቀርም ነበር፤ ማንም አልተጎዳም። የታክስ ወቅት ነው፣ አሁን ብናገር ሥራ ይረበሻል። ሌላ ደንበኛ ዘንድ ስሜ ይጠፋል፤ የሐበሻ ቢሮ እርስ በርሱ ይተዋወቃል። እያንዳንዱ ብቻውን ሲታይ እውነት ይመስላል። በሳምንቱ ዐቢይ ጾም ገባ። ሃምሳ አምስቱን ቀን ይዤው ጾምኩ። ቢሮው በሄድኩ ቁጥር እትዬ ሻይ ያቀርቡልኛል፤ ዓይናቸውን ግን ማየት አልቻልኩም። በእሳቸው ላይ የሠራሁት ከሁሉም ይከብደኝ ነበር፤ ጋሼን ገንዘብ አስወጣሁ፣ ከእሳቸው ግን ልክ መሆናቸውን ወሰድኩባቸው። ያ ምስጋና የእሳቸው ነበር።

በዚያ ዓመት ፋሲካ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 4 ቀን ዋለ፤ የታክሱ ማብቂያ ደግሞ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ኤፕሪል 15። በማግስቱ፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ቢሮው ጸጥ ሲል ሄድኩ። እትዬ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ብለው ተቀበሉኝና ከመሳቢያቸው አንድ ደብተር አወጡ። ከኅዳር ጀምሮ ኮምፒውተሩ ያስቸገራቸውን ቀን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ይመዘግቡ ኖሯል።

«ልጄ፣ አንድ ነገር አልገባኝም» አሉ፤ «አዲሱ የመጣው የነነዌ ሰኞ ነው። ያን ሳምንት ሙሉ ግን አባታችን ሆይ እየደገምኩ ነው የከፈትኩት። በሚቀጥለው ሰኞ ነው የተሻለው። እሑድ ምን አደረግህ?»

ሊያጋልጡኝ ፈልገው አልነበረም፤ ማወቅ ነው የፈለጉት። አራት ደቂቃ ስለፈጀው ሥራ፣ ከጠረጴዛቸው ሥር ስለነበረው ኮምፒውተር፣ ስለ 21 ሰከንዱ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ለረጅም ጊዜ ደብተሩን እያዩ ዝም አሉ። «እኔስ ተሳስቼ ነው ብዬ ትቼው ነበር» አሉ በመጨረሻ። «አሁን ግባና ለጋሼም ንገር።» ብቻዬን ገባሁ።

ጋሼ እስክጨርስ ድረስ አላቋረጡኝም። «ያኔ ብትነግረኝ ስቄ አልፈው ነበር» አሉኝ። «አሁን ግን ባለፉት ሁለት ዓመታት የነገርከኝን ሁሉ መለስ ብዬ እንዳስብ አደረግኸኝ።» ከዚህ በላይ የሚያም ነገር እንዲናገሩ ብጠብቅም አልተናገሩም፤ ይህ ይበቃ ነበር። 900 ዶላሩን መለስኩ፤ ተቀበሉኝ። ሰርቨሩን አልመለሱትም፤ ሐምሌ ሲመጣ ያስፈልጋቸው ነበርና። ለአንድ ዓመት ያህል ማንኛውንም ዕቃ ከመግዛታቸው በፊት ሌላ ሰው ያማክሩ ነበር፤ መብታቸው ነው፣ ቅር አላለኝም። በሁለተኛው ዓመት መልሰው እኔን መጠየቅ ጀመሩ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቢሮ ስገባ መጀመሪያ የምቀመጠው ሰርቨሩ ጋ አይደለም፤ ፎልደሩን በቀን መቶ ጊዜ የሚከፍተው ሰው ጎን ነው። ሰዓቴን አውጥቼ እለካለሁ፣ የሚሉኝንም በቃላቸው እጽፋለሁ። አንድ ኮምፒውተር ስነቅል ስሙን፣ አድራሻውንና ወደ እሱ የሚያመለክተውን አቋራጭ ሁሉ መኪናዬ ውስጥ ሳልገባ እሰርዛለሁ።

እትዬ ጡረታ ሲወጡ ደብተሩን ለእኔ ሰጡኝ። የካቲት 2 ቀን 2007 ዓ.ም. በሚለው መስመር ላይ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ እንዲህ ተጽፏል፦ «ዛሬ ወዲያው ተከፈተ። ምክንያቱን አልነገረንም።»